በሃክኒ የአደንዛዥ ዕፅን ጉዳይ የሚመራው ማን ነው? እኛስ የት አለን?

ሃክኒ ውስጥ የምትኖሩ የካውንስሉን ስም በየቀኑ ታዩታላችሁ፤ በቆሻሻ መኪናው ላይ፣ በፓርኩ በር ላይ፣ በየዓመቱ በሚመጣው የካውንስል ታክስ ደብዳቤ ላይ። ሄሮይን የሚወጋ ሰው ንጹሕ መርፌ ከየትኛው ፋርማሲ እንደሚያገኝ የሚወስነውም ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። ጓደኞቼን ስጠይቅ ግማሾቹ «ፖሊስ ነዋ» ይሉኛል፣ ግማሾቹ ደግሞ «ሆስፒታል»። ሁለቱም በሥራው ውስጥ አሉበት፤ መሪው ግን ካውንስሉ ነው።

እንዲህ የሆነው በ2012 በወጣው የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ሕግ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ ከኤፕሪል 1 ቀን 2013 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የሕዝብ ጤናን ኃላፊነት ከኤንኤችኤስ አውጥቶ ለካውንስሎች ሰጠ። የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ አገልግሎትም አብሮ ተሻገረ። ሃክኒ በ2021 ቆጠራ 259 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት፤ ጎረቤቷ ሲቲ ኦፍ ለንደን ግን በዚያው ቆጠራ 9 ሺህ እንኳ የማይሞላ ነዋሪ ነበራት፤ ሁለቱ በአንድ የሕዝብ ጤና ቡድን ይሠራሉ። በቡድኑ አናት ላይ የሕዝብ ጤና ዳይሬክተር አለ። ይህ ሹመት በሕግ የግድ ነው፤ ካውንስሉ ባጀት አጠረኝ ብሎ ቦታውን ሊሰርዘው አይችልም።

ዳይሬክተሩም ሆነ ቡድኑ ራሳቸው አያክሙም። የሚያደርጉት መቁጠር፣ ማቀድና መግዛት ነው። ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ የትኛው ሰፈር፣ ምን ዓይነት ዕፅ ብለው ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ጨረታ አውጥተው አገልግሎቱን ከሌላ ድርጅት ይገዛሉ። በሃክኒ የአዋቂዎቹ አገልግሎት የሲቲና የሃክኒ የማገገሚያ አገልግሎት ይባላል፤ ሜር ስትሪት ላይ ነው፤ የሚያካሂደው ተርኒንግ ፖይንት የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ለልጆችና ለወጣቶች ደግሞ የካውንስሉ ያንግ ሃክኒ አለ። ፋርማሲዎቹ መርፌ ይቀይራሉ፣ ሜታዶን ይሰጣሉ። ፖሊስ፣ የፕሮቤሽን መሥሪያ ቤት፣ የቤቶች ክፍልና ሆስፒታሉ ደግሞ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ጥምረት አለ። ይህ ጥምረት የመጣው ዴም ካሮል ብላክ በ2021 ለመንግሥት ካቀረቡት ጥናት በኋላ ነው። ጥናቱ የሕክምናው ሥርዓት በዓመታት የባጀት ቅነሳ መጎዳቱን በግልጽ ተናገረ፤ ለሕክምና የሚወጣ 1 ፓውንድ 4 ፓውንድ እንደሚያድንም አስላ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ መንግሥት የ10 ዓመት ዕቅድ አወጣ፤ በየአካባቢውም እንዲህ ዓይነት ጥምረት እንዲቋቋም አደረገ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መሥሪያ ቤት ነው፤ ደረቅ ነው፣ አውቃለሁ። ወደ ዋናው ቃል ልግባ።

«ጉዳት ቅነሳ» የሚለው ሐረግ በአማርኛ ሲሰማ የኢንሹራንስ ነገር ይመስላል። ሐሳቡ ግን ለወላጆቻችን አዲስ አይደለም። ኤችአይቪ አገሩን ባስጨነቀበት ዘመን አዲስ አበባ የነበረ ሰው የሰማውን ትምህርት ያስታውሳል፦ መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ካልሆነ ደግሞ በኮንዶም መጠቀም። «ሕይወት ትረስት» ኮንዶም በየሱቁ ከማስቲካው ጎን ይሸጥ ነበር። ሦስተኛውን ምክር የሚሰጥ ሰው ዝሙትን እየሰበከ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለሁሉም ሰው እንደማይሆኑ ስለሚያውቅ ነው። ጉዳት ቅነሳ ማለት ያ ሦስተኛው ምክር ነው። «አትጀምር» ማለት መከላከል ነው፤ «ተው» ማለት ሕክምና ነው፤ «ዛሬ ባትተውም እስክትተው ድረስ አትሙት» ማለት ጉዳት ቅነሳ ነው።

እንግሊዝ ይህን የተማረችው በውድ ዋጋ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤዲንብራ ውስጥ ንጹሕ መርፌ ማግኘት በጣም ከባድ ነበር። ሰዎች አንዱን መርፌ ለብዙ ይወጉበት ነበር። ሙርሃውስ በተባለ ሰፈር የሚሠራ ዶክተር ሮይ ሮበርትሰን የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1986 ባሳተመው ጥናት በክሊኒካቸው ከተመረመሩት 164 ሄሮይን ተጠቃሚዎች 51 ከመቶው ኤችአይቪ በደማቸው ተገኘ። በዚያው ዓመት በሊቨርፑል አካባቢ መርፌ የሚቀይር አገልግሎት ተጀመረ። በ1988 ደግሞ የመንግሥት የዕፅ አማካሪ ምክር ቤት ኤችአይቪ ለግለሰቡም ለሕዝቡም ከራሱ ከዕፁ የባሰ አደጋ ነው ብሎ ደመደመ። በወቅቱ ሥልጣን ላይ የነበረው የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ነው፤ ለሱሰኛ የሚራራ የሚባል መንግሥት አልነበረም። ግን ፈቀደ። ዛሬ በዚህ አገር ዕፅ ከሚወጉ ሰዎች ኤችአይቪ ያለባቸው ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው።

ነርሶች ሜታዶንና ቡፕረኖርፊንን ስንማር የሚነገረንም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሁለቱም ሐራራውን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች ናቸው። «አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መተካት ነው» የሚል አለ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሄሮይን ፍለጋ ቀኑን ሙሉ የሚዞር ሰውና ጠዋት ፋርማሲ ገብቶ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት ጠጥቶ ሥራ የሚሄድ ሰው አንድ አይደሉም። በሕክምናው ላይ መቆየት የመሞትን ዕድል በግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ከሁሉ አስፈሪዎቹ ሳምንታት ከእስር ቤት የወጡበት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ሰውነት የለመደውን መጠን ረስቷል፣ ሰውየው ግን አልረሳም። ጥሩ መሪ ካለ የእስር ቤቱ ነርስና የሜር ስትሪቱ ክሊኒክ ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ተነጋግረው ያድራሉ። መሪው ሰነፍ ከሆነ ሰውየው ዓርብ ከሰዓት ይወጣል፣ ቀጠሮው ማክሰኞ ነው።

አሁን ያለው አደጋ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ናይታዚን የሚባሉት ሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶች በ1950ዎቹ ሲባ በተባለ የስዊዘርላንድ መድኃኒት ፋብሪካ የተገኙ ናቸው፤ ለሕክምና ግን አንድም ጊዜ አልተፈቀዱም። ከ2023 ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ በሄሮይን ውስጥ ተደባልቀው ይገኛሉ። ተማሪዎች ልብ በሉ፤ በኢንተርኔት የሚሸጡ የውሸት የእንቅልፍና የጭንቀት ክኒኖች ውስጥም ተገኝተዋል። በእንግሊዝና በዌልስ ናይታዚን ያለበት ሆኖ የተመዘገበው ሞት በ2023 52 ነበር፤ በ2024 195 ሆነ። በዕፅ መመረዝ ምክንያት የተመዘገበው ጠቅላላ ሞት በ2024 5,565 ነው። ፈተና ደርሶብኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብሎ ከማያውቀው ሰው ክኒን የሚገዛ ልጅ ራሱን «ዕፅ ተጠቃሚ» ብሎ አይጠራም። ለዚህ ነው የመከላከል ፕሮግራሙ ለተጠቃሚዎች ብቻ ሲናገር የሚሳሳተው።

ለኦፒዮይድ መመረዝ መድኃኒት አለ፤ ናሎክሶን ይባላል። ኦፒዮይድ አንጎል ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሲበዛ አንጎል ሳምባን «ተንፍስ» ማለቱን ይተዋል። ናሎክሶን ያንን ቦታ ነጥቆ ይቀመጥበታል፤ ሰውየው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መተንፈስ ይጀምራል። በአፍንጫ የሚነፋ አለ፣ በጭን ጡንቻ የሚወጋም አለ። ሰውየው ኦፒዮይድ ካልወሰደ አይጎዳውም፤ በኮኬይንና በአልኮል ላይ ግን አይሠራም። አንድ ነገር አትርሱ፦ የናሎክሶን ጉልበት ከዕፁ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ 999 ይደወላል፤ ሰውየው ቢነቃና «ደኅና ነኝ፣ ሂዱ» ቢልም አምቡላንስ እስኪመጣ ብቻውን አይተውም።

ከ2015 ጀምሮ የዕፅ አገልግሎቶች ናሎክሶንን ያለ ሐኪም ማዘዣ ለተጠቃሚው፣ ለቤተሰቡና ለጓደኛው መስጠት ይችላሉ። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ነርሶችንና ፋርማሲስቶችን ጨምሮ ሌሎች ባለሙያዎችም ማደል ተፈቅዶላቸዋል። እኔም ሥልጠናውን ወስጄ ቢጫዋን ሳጥን በቦርሳዬ ይዣለሁ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አክስቴ መሐረብ ስትፈልግ አገኘቻትና «ይኼ ምንድን ነው ልጄ?» አለችኝ። ነገርኳት። ዙሪያዋን አየችና «ሰው ካየብሽስ? ምን ይባላል?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቅሶ የደረስንበትን ልጅ ጠቅሳ «እሱም በዚህ ይተርፍ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። በለቅሶው ላይ የተባለው «ልቡ ድንገት ቀጥ አለች» ነው። መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ነገር ግን አክስቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ይዛው እንደኖረች ያን ቀን ገባኝ።

ይህ ወደ እኛ ጉዳይ ያመጣኛል። የለንደን ሐበሻና የአደንዛዥ ዕፅ ፖሊሲ በግልጽ የተገናኙት አንድ ጊዜ ነው፤ በጫት።

እስከ 2014 ድረስ ጫት እዚህ ሕጋዊ ነበር። የጫት ጉልበት ያለው ካቲኖን በሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ስለሚዳከም በአውሮፕላን ወደ ሂትሮ ይገባ ነበር፤ አብዛኛው ከኬንያ፣ የተቀረው ከሐረርጌ። ሶማሌዎች፣ የመኖችና የእኛም ሰዎች በየጫት ቤቱ ይቅሙ ነበር። በጃንዋሪ 2013 ያው የዕፅ አማካሪ ምክር ቤት ጉዳዩን መርምሮ ለመከልከል የሚያበቃ በቂ ማስረጃ የለም አለ። ይልቁንም የየአካባቢው ጤና አገልግሎት የጫትን ችግር በፍላጎት ጥናቱ ውስጥ እንዲያስገባ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር እንዲነጋገር መከረ። በጁላይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ምክሩን ሳይቀበሉ እንደሚከለክሉ አስታወቁ። ከጁን 24 ቀን 2014 ጀምሮ ጫት የ«ሲ» ምድብ ዕፅ ሆነ፦ መጀመሪያ የተያዘ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ 60 ፓውንድ፣ ሦስተኛ እስር።

እገዳውን አጥብቀው ከጠየቁት መካከል ባሎቻቸው ሌሊቱን በበርጫ የሚያድሩባቸው ሶማሌ ሴቶች ነበሩ። የእነሱን ድካም የሚንቅ ሰው አልወድም። ግን ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ምክር ቤቱ «አካባቢው ይቁጠር፣ ያነጋግር» ያለው በጃንዋሪ 2013 ነው፤ ኃላፊነቱ ወደ ካውንስል የተሻገረው በኤፕሪል፤ እገዳው የተነገረው በጁላይ። አዲሱ መሪ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል ጉዳዩ የፖሊስ ሆነ። ሕጉ መጣ፤ ከሕጉ ጋር መምጣት የነበረበት ድጋፍ ግን እኛ ዘንድ አልደረሰም። ዱካክ የያዘው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ጨብሲውን ከቢራ ወደ ጠንካራ መጠጥ ያሳደገ አባወራ የት ሄዶ «ጫት ተውኩ፣ አሁን መጠጡ አስቸገረኝ» ይበል? ዛሬም የደረቀ ጫት ተደብቆ ይገባል። የድሮው ጫት ቤት ቢያንስ ሰው የሚገኝበት አድራሻ ነበር፤ ነርስ በራሪ ወረቀት ይዛ ልትገባ የምትችልበት በር ነበረው።

ቁጥሩ ላይ ያለውን ችግርም ተመልከቱ። መሪው የሚያቅደው በሚቆጥረው ነው ብያለሁ። ሕክምና የሚጀምር ሰው ቅጽ ላይ ብሔረሰቡን ይሞላል፤ ለእኛ የተዘጋጀችው ሳጥን «ጥቁር አፍሪካዊ» የምትለዋ ነች። ናይጄሪያዊው፣ ጋናዊው፣ ሶማሌው፣ ኤርትራዊውና ኢትዮጵያዊው በአንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ነገር ብዙዎቻችን ቅጹ ድረስ አንመጣም፦ ገመና ይወጣል፣ ልጅ ይወሰድብኛል፣ ሆም ኦፊስ ይሰማል። ጸበል ቦታ የሚሄድ አለ፤ እሱን አልቃወምም፤ ሜታዶን እየጠጡ ጸበል መጠመቅ አይከለከልም። ግን ጸበል ቦታ የሄደ ሰው በካውንስሉ ሠንጠረዥ ላይ የለም። በሠንጠረዡ ላይ ከሌለን በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት የለም፤ ወረቀቱ ከሌለ የሚመጣ የለም፤ የሚመጣ ከሌለ ደግሞ በሠንጠረዡ ላይ የለንም። መሪው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የማያየውን ሰው ሊገዛለት አይችልም።

ስለዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁ። ወደ አገልግሎቱ ለመሄድ የጂፒ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ራስን በስልክ ወይም በአካል ማስመዝገብ ይቻላል፣ ነጻ ነው፣ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። መርፌ መቀየሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ስም እንኳ አይጠየቅም። ምስጢር ይጠበቃል፤ ልዩ የሚሆነው ልጅ ወይም ሌላ ሰው ከባድ አደጋ ላይ ሲሆን ነው፣ ያንንም መጀመሪያ ይነግሯችኋል። ሁለተኛው፣ ካውንስሎች በየጊዜው የፍላጎት ጥናት ያደርጋሉ፣ አስተያየትም ይቀበላሉ። እንደ እኛ ያለ የተማሪዎች ማኅበር አንድ ገጽ ጽፎ «ጫትና አልኮል በእኛ ማኅበረሰብ እንዲህ ነው፣ ቋንቋችን ይህ ነው» ቢል ከአንድ ግለሰብ ቅሬታ ይበልጥ ይነበባል።

መሪው የማይችለውም አለ፤ ፍትሐዊ ልሁን። በጃንዋሪ 2025 ግላስጎው ውስጥ ዘ ቲስል የተባለ፣ ሰዎች በነርስ ፊት የራሳቸውን ዕፅ የሚወጉበት ማዕከል ተከፈተ፤ በዩናይትድ ኪንግደም ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቶ የመጀመሪያው ነው። የተቻለው የስኮትላንድ ከፍተኛ የሕግ ባለሥልጣን በዚያ ውስጥ ዕፅ ይዞ የተገኘን ሰው መክሰስ ለሕዝብ ጥቅም አይሆንም ስላሉ ነው። ሃክኒ እንዲህ ያለ ቤት ልክፈት ብትል የ1971ዱ የዕፅ ሕግ ከፊቷ ይቆማል፤ ቁልፉ ያለው ዌስትሚንስተር ነው።

እኛ ግን ለራሳችን የወረቀቱን ሥራ ጀምረናል። የማኅበሩ የጤና ቡድን ስለ ናሎክሶን አንድ ገጽ በአማርኛ እንዳዘጋጅ ጠየቀኝ። እንግሊዝኛው ቀላል ነበር፣ አማርኛው አስቸገረኝ። «ከመጠን በላይ መውሰድ» ብዬ ጻፍኩ፤ አክስቴ አንብባ «ምን ያህል እንደወሰደ በምን አውቃለሁ? የማየውን ንገሪኝ» አለች። ትክክል ነበረች። ሌላም ነገር መስተካከል ነበረበት፤ የእንግሊዝኛው ወረቀት «ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል» ይላል። ይህ በነጭ ቆዳ ላይ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ አመድማ ይሆናል፤ ከንፈርን፣ ድድንና የዓይን ሽፋንን ውስጠኛ ክፍል ማየት ያስፈልጋል። «ሱሰኛ» የሚለውን ቃል ከገጹ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት፤ በቦታው «ሰው» ብዬ ጻፍኩ፣ ዓረፍተ ነገሩም አጠረ። አሁን የመጀመሪያዎቹ መስመሮች እንዲህ ይነበባሉ፦

«ሰው ተኝቶ ቢያንኮራፋ ወይም ትንፋሹ ቢቆራረጥ፣ ስሙን ጠርታችሁ ትከሻውን ብትነቀንቁት ባይመልስ፣ ከንፈሩና ድዱ አመድ ቢመስል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ቢጠብ፣ እንቅልፍ ነው ብላችሁ አትተዉት። 999 ደውሉ። ናሎክሶን ካላችሁ ስጡት። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልነቃ ድገሙት። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ የማይተነፍስ ከሆነ የስልኩ ባለሙያ የሚላችሁን አድርጉ። አትሂዱ።»

ወረቀቱ በማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ አለ። ትግርኛውን የሚጽፍልን ሰው እየፈለግን ነው።